ከቪዲዮው ጋር የሚጓዙት ሦስት ቁጥሮች

ከለሩ በጥንቃቄ የተሠራ ቪዲዮ ወደ ሌላ ፎርማት ተቀይሮ ሲወጣ መልኩ ከተለወጠ፣ በየኤዲቲንግ ቤቱ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፤ «ኮምፕሬሽኑ በላው»። ፍርዱ ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። ኮምፕሬሽን ሲያበላሽ አሻራው ይታወቃል፤ ሰማዩ ላይ እርከን እርከን ይሠራል፣ ጨለማው ጥግ ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይርመሰመሳሉ፣ የፀጉር ጠርዝ ይደበዝዛል። ምስሉን ከዳር እስከ ዳር እኩል አያገረጣም፤ አረንጓዴን ብቻ ነጥሎም አያጠቁርም። እንዲህ ያለ ለውጥ ስታዩ በቅድሚያ ሦስት ትንንሽ ቁጥሮችን ፈልጉ።

ቁጥሮቹ በቪዲዮ ፋይሉ ውስጥ ተጽፈው አብረውት ይጓዛሉ። የመጀመሪያው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሲባል የትኞቹ እንደሆኑ ይናገራል። ሁለተኛው በፋይሉ ያለው ዋጋ ወደ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመነዘር ይናገራል። ሦስተኛው ብሩህነትና ቀለም የተነጣጠሉበትን ቀመር ያመለክታል። 1-1-1 ከሆኑ ቪዲዮው ሬክ.709 ነው፤ የተለመደው የኤችዲ ደረጃ። 9-16-9 ከሆኑ በሬክ.2020 ቀለም የተሠራ ኤችዲአር ነው። ሚዲያኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከፍታችሁ እዩት፣ የቁጥሮቹን ትርጉም በስማቸው ይዘረዝራል። የፋይሉን ክብደት ብቻ አይቶ የሚዘጋው ኤዲተር ዋናውን መስመር ሳያነብ ነው የሚሄደው።

ኤምፒ4ና ኤምኦቪ መያዣ፣ ኤች.264ና ፕሮሬስ ደግሞ በመያዣው ውስጥ ያለው አጻጻፍ መሆናቸው የታወቀ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ሦስቱ ቁጥሮች በሁለቱም ቦታ ሊጻፉ መቻላቸውን ነው። መያዣው አንድ ነገር፣ ውስጡ ያለው ሌላ ነገር ሲናገር አንዱ ማጫወቻ የመጀመሪያውን፣ ሌላው ሁለተኛውን ያምናል። ያው ፋይል በሁለት ፕሮግራሞች ሁለት መልክ የሚኖረው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ከሦስቱ ይበልጥ የምወደው ሦስተኛውን ነው፤ ከሁሉም የተናቀውም እሱ ነው። ስክሪን የሚያበራው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነው፤ ቪዲዮ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው አንድ የብሩህነትና ሁለት የቀለም ልዩነት ምልክቶች ሆኖ ነው። ብሩህነቱ የሚገኘው ሦስቱን ቀለሞች በተለያየ ክብደት በመደመር ነው። በ1982 የወጣው ሬክ.601 ለቀይ 0.299፣ ለአረንጓዴ 0.587፣ ለሰማያዊ 0.114 ይሰጣል፤ ክብደቶቹ በ1953 ከጸደቀው የአሜሪካ የቀለም ቴሌቪዥን የተወረሱ ናቸው። በ1990 የመጣው ሬክ.709 ደግሞ ለቀይ 0.2126፣ ለአረንጓዴ 0.7152፣ ለሰማያዊ 0.0722 ይሰጣል። በአንዱ ቀመር የተጻፈ በሌላው ከተነበበ ቀለሙ ይዛነፋል። ነገር ግን በሁለቱም ክብደቶቹ ሲደመሩ 1 ስለሚሆኑ፣ ነጭ፣ ግራጫና ጥቁር ንቅንቅ አይሉም።

ይህ በተግባር ምን እንደሚያስከትል ያየሁት በአንድ የሰርግ ቪዲዮ ነው። አንድ ወጣት ኤዲተር መጥቶ «ጋሼ፣ የሙሽራዋ እናት ጥለቱ እኔ ያሠራሁት አይደለም አሉኝ» አለኝ። እናትየው እውነታቸውን ነበር። ልጁ መግቢያው ላይ ጽሑፍ እንዲገባለት የተጠናቀቀውን ሥራ ፍሬም በፍሬም እንደ ፎቶ አውጥቶ፣ ኋላ በኤፍኤፍኤምፔግ ወደ ኤች.264 ሰብስቦታል። ይህ ፕሮግራም ከፎቶ ወደ ቪዲዮ ሲቀይር፣ ሌላ ካልተነገረው በቀር የቆየ ልማዱ ሬክ.601 ነው፤ ምስሉ ኤችዲ ቢሆንም እንኳ። ሦስቱ ቁጥሮች፣ ማለትም መለያው፣ አልተጻፉበትም። ማጫወቻው ደግሞ መለያ የሌለው ኤችዲ ሲያገኝ ሬክ.709 ነው ብሎ ይገምታል።

ወረቀት አውጥተን አሰላነው። ከ255 ውስጥ 153 የነበረ ንጹሕ አረንጓዴ ወደ 129 ይወርዳል። 204 የነበረ ንጹሕ ቀይ 222 ይደርስና 20 ያህል አረንጓዴ ይገባበታል፤ ወደ ብርቱካን ያጋድላል። የሐበሻ ቀሚሱ ነጭ ግን እንደነበረ ነው፤ የሙሽራዋ ጠይም ፊትም የሚነቃነቀው በጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው። ኤዲተር ቪዲዮ ሲፈትሽ ዓይኑ የሚያርፈው ነጩና ፊቱ ላይ ነው፤ ሁለቱም ደህና ስለሆኑ ያሳልፈዋል። የክሩን ቀለም ሸማኔው ዘንድ ቁጭ ብለው ያስመረጡ እናት ግን ማሳለፍ አይሆንላቸውም።

ልጁ ወዲያው «እንግዲያው 1-1-1 የሚል መለያ ልጻፍበት?» አለ። በዚህ ጉዳይ የምቆጣው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚሁ ነው። የሚጥሚጣ ዕቃ ላይ «በርበሬ» ብሎ መጻፍ ሚጥሚጣውን በርበሬ አያደርገውም። በሬክ.601 ለተጻፈ ፋይል የሬክ.709 መለያ ቢሰጡት፣ ማጫወቻው ቀድሞ በግምት ያደርገው የነበረውን ስህተት አሁን በትእዛዝ ያደርገዋል። በኤፍኤፍኤምፔግ መለያ መጻፍ ሌላ፣ ቀለሙን በአዲስ ቀመር ማስላት ሌላ ነው። ትእዛዙን ከሰው ገልብጦ የሚለጥፍ ሁሉ ብዙ ጊዜ ይዞ የሚሄደው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ልጁ ማድረግ የነበረበት ወደ ፎቶዎቹ ተመልሶ በሬክ.709 ማስላት፣ ከዚያ ሬክ.709 ብሎ መለየት ነበር፤ ያንኑ አደረገ። በተቃራኒው ቀለሙ በትክክል ተሰልቶ መለያው ብቻ ከተሳሳተ፣ መለያውን አስተካክሉ እንጂ ፋይሉን እንደ አዲስ አትጭመቁት።

ምስሉ በሙሉ ሲገረጣ ግን ጉዳዩ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ ቁጥሮች ውጭ፣ በጥቁርና በነጭ ክልል ላይ ነው። በ8 ቢት ቪዲዮ ጥቁር የሚቆመው 0 ላይ ሳይሆን 16 ላይ፣ ነጭ 235 ላይ ነው፤ በ10 ቢት 64ና 940 ይሆናሉ። እንዲህ የተጻፈው ከ0 እስከ 255 እንደተዘረጋ ተቆጥሮ ከተነበበ ጥቁሩ ግራጫ፣ ነጩ አመድማ ይመስላል። በተቃራኒው ከሆነ ጥላው ውስጥ የነበረው ዝርዝር ይዋጣል፣ ነጩም ይቃጠላል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በተባለው የከለር ማስተካከያ (ግሬዲንግ) ፕሮግራም ላይ ይህን ክልል የምትወስኑበት ቦታ አለ፤ ሥራው ለተለመደ ስርጭት ከሆነ «ቪዲዮ» የሚለው ነው ትክክሉ። እባካችሁ የገረጣውን ኮንትራስት በመጨመር አታክሙ። በትክክል የሚያነበው ቴሌቪዥን ላይ ሲደርስ የሙሽራው ጥቁር ሱፍ አንድ ወጥ ጥቁር ጨርቅ ይሆናል።

ማክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ለውጥ ደግሞ የሁለተኛው ቁጥር፣ ማለትም ዋጋው ወደ ብርሃን የሚመነዘርበት የጋማ ነገር ነው። የግሬዲንግ ሞኒተር በ2011 በወጣው ቢቲ.1886 መሠረት ጋማው 2.4 አካባቢ ነው፤ የማኩ ማጫወቻ ኩዊክታይም ግን 1-1-1 የሆነውን ፋይል 1.96 አካባቢ አድርጎ ያሳያል። ጥላው ፈካ ይላል፤ ፋይሉ ግን አልተነካም።

ስለ ቢት ብዙ አልልም። ግሬዲንጉን በ10 ቢት ፕሮሬስ አስቀምጡ፤ 8 ቢቱን ከእሱ አውጡ እንጂ ከሌላ 8 ቢት አታውጡ። ለደንበኛ በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ አለዚያ ሌላ ፕሮግራም እንደገና ይጨምቀዋል።

ማረጋገጫው የቆየው የቴሌቪዥን የቀለም ዘንግ ነው፤ በየግሬዲንግ ፕሮግራሙ አለ። ከሥራው በፊት ጥቂት ሰከንድ አስገቡት፣ ቀይሩ፣ የተቀየረውን ወደ ግሬዲንግ ፕሮግራሙ መልሳችሁ በመለኪያዎቹ እዩ። ጥቁሩና ነጩ በቦታቸው ሆነው በቬክተርስኮፑ ላይ የቀለም ነጥቦቹ ከየሣጥናቸው ከወጡ የተሳሳተው ቀመሩ ነው። በዌቭፎርሙ ላይ ጥቁሩና ነጩ ከቦታቸው ከተነሱ የተሳሳተው ክልሉ ነው። ሁለቱም በቦታቸው ሆነው ስክሪኑ ላይ ያለው መልክ ብቻ ከተለየ፣ ፋይሉን ትታችሁ ማጫወቻውንና የስክሪኑን ቅንብር መርምሩ።