ለኃይለኛ ተጫዋች የሚሆን የቴኒስ ጫማ አመራረጥ

ቴኒስ ለመጫወት የተነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ ራኬቱ ነው። የራኬቱን ክብደትና የጅማቱን ውጥረት በጥንቃቄ ከመረመረ በኋላ፥ ለእግሩ ግን ያገኘውን የስፖርት ጫማ ያጠልቃል። ይህ ልማድ በእርጋታ በሚጫወት ሰው ላይ ብዙ ጉዳት ላያስከትል ይችላል፤ እየሮጠ፥ በድንገት እየቆመና ወደ ጎን እየተወረወረ በሚያጠቃ ተጫዋች ላይ ግን በኪሱም በቁርጭምጭሚቱም ጉዳት ያመጣል። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ የኃይለኛ ተጫዋች ጫማ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ፥ እግርን በምን በምን ክፍሎቹ እንደሚደግፍ፥ ገዢውም ምን መመልከት እንዳለበት በተራ እናስረዳለን።

ሁለት ሰዎች የሚጋጠሙበት ሜዳ ርዝመቱ 23.77 ሜትር፥ ወርዱ 8.23 ሜትር ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች የሚደርሰው የርዝመቱ እኩሌታ ስለ ሆነ፥ የተጫዋቹ ሥራ ረጅም ሩጫ ሳይሆን ጥቂት እርምጃ ሮጦ መቆምና ዞሮ መመለስ ነው። ሯጭ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል፤ የቴኒስ ተጫዋች ግን የሰውነቱን ክብደት በአንድ እግሩ የውጭ ጠርዝ ላይ ጥሎ ይቆማል። የሩጫ ጫማ ለቴኒስ የማይስማማውም በዚህ ምክንያት ነው። ተረከዙ ከፍ ያለና ለስላሳ በመሆኑ፥ እግር ወደ ጎን ሲገፋ ጫማው ይጋደልና የእግር መዳፍ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። በዚህ ጊዜ በብዛት የሚጎዳው በቁርጭምጭሚት ውጭ በኩል ያለው ጅማት ነው።

ጫማው የሚያልቅበት ፍጥነት ደግሞ እንደ ሜዳው ዓይነት ይለያያል። ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች የዊምብልደኑ በሣር ላይ፥ የፈረንሳዩ የተፈጨ ጡብ በተነሰነሰበት ሜዳ ላይ ይደረጋል። የአሜሪካው እ. ኤ. አ. ከ1978፥ የአውስትራልያው ከ1988 ወዲህ በደረቅ ሜዳ ላይ ሆኗል። ደረቅ ሜዳ የምንለው በአስፋልት ወይም በሲሚንቶ ላይ አሸዋ የተቀላቀለበት የአክሪሊክ ቀለም የተቀባውን ነው። አሸዋው እግር እንዳያንሸራትት ይይዛል፤ ነገር ግን ያው አሸዋ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ የጫማውን ሶል ይፍቀዋል። በጡብ ሜዳ ላይ ግን ተጫዋቹ በልሙ ዱቄት ላይ ስለሚንሸራተት ሶሉ የሚያልቀው በዝግታ ነው።

ስለ ጥንካሬ ስንናገር ሁለት ነገሮችን እንመለከታለን። አንደኛው የሶሉ ጎማ ነው። ቻርልስ ጉድይር እ. ኤ. አ. በ1844 የባለቤትነት መብት ባገኘበት ዘዴ፥ ጎማ ከድኝ ጋር ተቀላቅሎ ሲሞቅ ይጠነክራል። ከዚህም በላይ ልዩ ጥቀርሻ ሲጨመርበት መፋቅን ይቋቋማል፤ የጎማ ሶልና የመኪና ጎማ ብዙ ጊዜ ጥቁር የሚሆኑትም ስለዚህ ነው። ሁለተኛው የጣቱ ጫፍ ነው። ብዙ ኃይለኛ ተጫዋቾች ሰርቪስ ሲመቱ ወይም ኳስ ለመድረስ ሲዘረጉ የኋላ እግራቸውን ጣት በመሬት ላይ ይጎትታሉ። ስለዚህ ጎማው ከሶሉ ተነሥቶ የአውራ ጣቱን ጎን እስኪሸፍን ድረስ ወደ ላይ የወጣ መሆን ይገባዋል።

እግርን የሚደግፉት ክፍሎች ግን ከእነዚህ የተለዩ ናቸው። በተረከዝ ዙሪያ ያለው ጠንካራ ማቀፊያ ተረከዝን ከመዋለል ይጠብቃል፤ በሶሉ መካከል የሚገባው ጠንካራ ፕላስቲክ ጫማው እንዳይጠመዘዝ ያደርጋል፤ በትንሽ ጣት በኩል ሰፋ ብሎ የወጣው የሶል ጠርዝ ከመጋደል ይከለክላል። በእግርና በሶል መካከል ያለው ስፖንጅ ደግሞ የመሬቱን ምት ይቀበላል። ስፖንጁ ኢ.ቪ.ኤ. ከሚባለው ነገር ሲሠራ ቀላል ይሆናል፥ ዳሩ ግን እየተረገጠ ቶሎ ይጨመቃል፤ ከፖሊዩሬቴን ሲሠራ ይከብዳል፥ ነገር ግን ይቆያል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ጫማ አልተቀደደም ማለት እግርን ይደግፋል ማለት አይደለም። አንዳንድ ፋብሪካዎች ለኃይለኛ ተጫዋች በሠሩት ጫማ ላይ የ6 ወር ዋስትና ይሰጣሉ፤ ይሁን እንጂ ዋስትናው ለሶሉ ብቻ ነው። ስፖንጁ ከሶሉ ቀድሞ ሊሞት ይችላል። ሶሉ ደኅና የሆነ ጫማ ለመጣል ማንም ስለማይደፍር፥ ተጫዋቹ በሞተ ስፖንጅ ላይ እየዘለለ ምቱን ሁሉ በጉልበቱና በተረከዙ ይቀበላል። እንግዲህ ጠንካራ ሶል ብቻውን ጥቅም መሆኑ ቀርቶ ጉዳትን የሚሰውር ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ገዢው የሚከተለውን ቢያደርግ ይጠቀማል። በመጀመሪያ አሮጌ ጫማውን ገልብጦ የት እንዳለቀ ይመልከት፤ ጣቱ ላይ ካለቀ የጣት መከላከያ፥ በውጭው ጠርዝ ካለቀ ሰፊ ጠርዝ ያለውን ይፈልግ። ቀጥሎ አዲሱን ጫማ በሁለት እጁ ይዞ እንደ እርጥብ ልብስ ለመጭመቅ ይሞክር፤ በቀላሉ ከተጠመዘዘ ይተወው። ሲታጠፍም ከጣቶቹ ሥር እንጂ ከመካከሉ መታጠፍ የለበትም። ከዚያም ተረከዙን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ጥንካሬውን ይፈትን። እግር ሲውል ስለሚያብጥ፥ ጫማ የሚለካው ወደ ማታ፥ የሚጫወትበትን ካልሲ አድርጎ ነው። በመጨረሻም ክሩን አጥብቆ አስሮ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዝለል፤ እግሩ በጫማው ውስጥ ከተንሸራተተ ጫማው የእርሱ አይደለም።

የዋጋው ነገር ለተማሪ ከሁሉ የሚከብድ ስለ ሆነ፥ በዚህ ላይ አንድ ቃል እንጨምራለን። ዋጋን ከዋጋ ጋር ብቻ ማወዳደር አይበቃም፤ በአገልግሎቱ ዘመን ማካፈል ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል አንዱ ጫማ የሌላውን ዋጋ አንድ ተኩል ቢያወጣና ሁለት እጥፍ ጊዜ ቢያገለግል፥ የሚረክሰው ውድ የመሰለው ነው። ይህም ስሌት የታመመ ቁርጭምጭሚት የሚያስቀረውን የጨዋታና የትምህርት ጊዜ ገና ሳይቆጥር ነው።