የአባት ሱቅ ለሌለው ልጅ
ኤሌክትሮኒክስን፣ ፕሮግራምንና ሮቦትን ለሕፃናት ስለማስተማር

መርካቶን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚገነዘበው፣ በዚህ ሰፊ ገበያ ሙያ የሚወረሰው በአብዛኛው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአባት ጎን በመቀመጥ ነው። በጭድ ተራና በአካባቢው ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወደ አባቱ ወይም ወደ አጎቱ ሱቅ ይገባል፤ ዕቃ ያቀብላል፣ የተበላሸው ሲፈታ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ይሳሳታል፣ ይታረማል። ማንም ትምህርት ብሎ ባይጠራውም ትልቅ ትምህርት ነው። አባቱን በሞት ያጣ ልጅ ግን የሚጎድለው እንጀራና ልብስ ብቻ አይደለም፤ ይህ መቀመጫም ይጎድለዋል። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህ በሁለተኛው ጉድለት ላይ ነው።

የሱቅ ትምህርት ምን ያህል ሩቅ እንደሚያደርስ ከአገራችን አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በሐረር የተወለደችው ቤተልሔም ደሴ በዘጠኝ ዓመቷ ልደቷን ለማክበር አባቷን ገንዘብ ብትጠይቅ ሊሰጧት አልቻሉም። አባቷ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነጋዴ ስለነበሩ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ቪዲዮ በማቀናበርና በደንበኞች ስልክ ላይ ሙዚቃ በመጫን ገንዘቡን ራሷ አገኘች። ከዚያ ተነሥታ ፕሮግራም መጻፍን ተማረች። ካደገችም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በአዲስ አበባ ከተቋቋመው አይኮግ ላብስ ጋር በመሥራት፣ ሕፃናትና ወጣቶች ኮድና ሮቦት የሚማሩበትን «ኤኒዋን ካን ኮድ» የተሰኘ ሥራ መርታለች። እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባን የጎበኘችው ሶፊያ የተባለችው ሮቦት ከሶፍትዌሯ ከፊሉ የተሠራው በዚሁ ድርጅት ባለሙያዎች ነው። የቤተልሔም መንገድ የጀመረው ግን ልጅ ዕቃ እንድትነካ ከፈቀደ ሱቅ ነው።

ሱቁም አባቱም በሌሉበትስ? ለዚህ ጥያቄ ታሪክ መልስ አለው። በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የሙሳ ኢብን ሻኪር ሦስት ልጆች፣ ሙሐመድ፣ አሕመድና ሐሰን፣ ገና በልጅነታቸው አባታቸውን አጡ። ኸሊፋ አል-መእሙን ግን በእርሳቸው ኃላፊነት እንዲያድጉና በበይቱል ሒክማ ዕውቀት እንዲቀስሙ አደረጉ። በኑ ሙሳ በሚል ስም የታወቁት እነዚህ የቲሞች እ.ኤ.አ. በ850 አካባቢ ወደ አንድ መቶ የሚጠጉ ብልሃት የተሞላባቸው መሣሪያዎችን የሚገልጽ መጽሐፍ አዘጋጁ። በውኃ ኃይል በራሱ የሚነፋ ዋሽንትም ገልጸዋል፤ ዜማው የሚወሰነው በሚሽከረከር በርሜል ላይ በተተከሉ ጥርሶች ነበር። ለመሣሪያ ትእዛዝን አስቀድሞ ማዘጋጀት ማለት ዛሬ ፕሮግራም የምንለው ነገር ነው። በዚያው ቤት ይሠሩ የነበሩት የአል-ኸዋሪዝሚ ስምም እስከ ዛሬ «አልጎሪዝም» በሚለው ቃል ይነሣል።

እንግዲህ ሕፃናትን እንዴት ማስጀመር ይቻላል? መነሻው ውድ ዕቃ አይደለም።

አንደኛው ደረጃ የኤሌክትሪክ ዑደት ነው። ሁለት ባትሪ ድንጋይ፣ ጥቂት ሽቦና አንድ የባትሪ አምፖል ይበቃሉ። ልጁ ሽቦውን ሲያገናኝ ይበራል፤ ሲያላቅቅ ይጠፋል። ኤሌክትሪክ ወጥቶ የሚመለስበት ያልተቋረጠ መንገድ እንደሚፈልግ በዓይኑ ያያል። ከተሰበረ መጫወቻ መኪና የወጣች ትንሽ ሞተር ብትጨመርና የሽቦዎቹን ጫፍ ቢያለዋውጥ፣ ሞተሯ በተቃራኒው ትዞራለች። ይህን «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ልጅ ትምህርቱን ጀምሯል። አሮጌ ዕቃ ዳግም ሥራ ላይ በሚውልባት በምናለሽ ተራ አጠገብ ለሚኖር ልጅ መለማመጃ አይጠፋም።

ሁለተኛው ደረጃ ያለ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ማውጣት ነው። መሬት ላይ በጠመኔ አራት ማዕዘኖች ይሣላሉ። አንዱ ልጅ ሮቦት ይሆናል፤ ሌሎቹ «ሁለት እርምጃ ወደፊት፣ ወደ ቀኝ ዙር» እያሉ ትእዛዝ በወረቀት ይጽፉለታል። ሮቦቱ ከተጻፈው በቀር ምንም አያደርግም። ትእዛዙ ከተሳሳተ ግድግዳ ይገጥመዋል፤ ልጆቹም ይስቃሉ፣ ተመልሰውም ያርማሉ። ስሕተትን ሳያፍሩ ፈልጎ ማረም የዚህ ሙያ ዋና ምግባር ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ኮምፒዩተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ስክራች የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከስምንት ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ሲሆን፣ ትእዛዞችን እንደ መጫወቻ ጡብ በመገጣጠም ያሠራል። በአማርኛም ይሠራል፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት መጠቀም ይቻላል። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ላሉት ደግሞ ስክራች ጁኒየር አለ።

አራተኛው ደረጃ ሮቦት ነው። ሮቦት ሦስት ነገሮችን አጣምሮ የያዘ መሣሪያ ነው፤ ብርሃንን ወይም እንቅፋትን ይለያል፣ በተሰጠው ትእዛዝ መሠረት ይወስናል፣ ይንቀሳቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2005 በጣልያን አገር የተጀመረው አርዱዊኖ የተባለው ትንሽ ሰሌዳ ለዚህ ሥራ በሰፊው ያገለግላል። ንድፉ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ሌሎች አምራቾችም እየሠሩት በዝቅተኛ ዋጋ ይገኛል።

ጥንቃቄም ግዴታ ነው። ሕፃናት በግድግዳ ሶኬት በሚመጣ ኃይል ፈጽሞ አይለማመዱ። የስልክ ባትሪም ሆነ አሮጌ ቴሌቪዥን አይክፈቱ። የሽቦ ብየዳ አዋቂ ባለበት ለትልልቆቹ ብቻ ይሁን።

በመጨረሻም ለለጋሾችና ለቤተሰቦች አንድ ማሳሰቢያ አለን። ኮምፒዩተር መለገስ መልካም ነው፤ ነገር ግን እንዳይበላሽ ተብሎ በጨርቅ ተሸፍኖ የተቀመጠ ኮምፒዩተር ማንንም አያስተምርም። ልጁን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው «ፍታው፣ እየው፣ ብትሳሳትም አብረን እናስተካክለዋለን» የሚለው አዋቂ ነው። ሱቅ ያለው በሳምንት አንድ ሰዓት ከጎኑ አንዲት ዱካ ለአንድ የቲም ያዘጋጅ፤ ሬዲዮ ጠጋኙ የማይጠገነውን ዕቃ ለልጆች መለማመጃ ያስቀምጥ፤ የኮምፒዩተር ተማሪ የሆነ ወጣትም ጊዜውን ይስጥ። የሙሳን ልጆች ለታላቅ ሥራ ያበቃቸው፣ አባታቸው ሲያልፍ መቀመጫቸው ባዶ እንዳይቀር ያሰበላቸው ሰው መገኘቱ ነው። በጭድ ተራም እንዲህ የሚያስብላቸውን የሚጠብቁ ልጆች አሉ።