ጫነ፣ አወረደ፣ ለጠፈ

ከስማዳ ቀበሌዎች ወደ ወገዳ ገበያ የሚወጣ ገበሬ ጎህ ሳይቀድ አህያውን ይጭናል፤ ሲደርስ ጭነቱን ያወርዳል። ነፋስ መውጫ የምትማር ልጁ ደግሞ ማታ የሠርግ ፎቶ ፌስቡክ ላይ «ጫንኩ»፣ መዝሙር ከዩቲዩብ «አወረድኩ» ትላለች። አባትና ልጅ አንዱን ቃል ለሁለት ሸክም ያውሉታል።

አማርኛ አዲስ ነገር ሲመጣበት ቀድሞ የሚያየው ጓዳውን ነው። ስልክ ሲገባም የደወል ዘመድ የሆነው «ደወለ» ሥራ ተጨመረለት። ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የሚለጥፍበት «ለጠፈ» ዛሬ ጽሑፍም ይለጥፋል፤ የሃይማኖት «ተከታይ» የቲክቶክ ተከታይ ሆነ።

ሌላው ምንጭ ግእዝ ነው። «ድረ ገጽ»ን እንይ፤ ድር ከገጽ ጋር ሲናበብ የመጨረሻ ፊደሉ ወደ ግእዝ ይለወጥና ድረ ይሆናል፤ ቤት ቤተ ክርስቲያን ላይ ቤተ እንደሚሆነው ማለት ነው። ድጓ በሚመሰከርበት በጋይንቱ ቤተ ልሔም ለተማረ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። «በይነ መረብ»ም በዚሁ ቋንቋ የተበጀ ነው፤ በይነ «መካከል» ማለት ነውና ስሙ ከነገሩ ጋር በደንብ ይገጥማል። እኔ እወደዋለሁ፤ ሕዝቡ ግን ኢንተርኔት ማለቱን አልተወም።

የባዕዱ ቃል ሳይፈታ ሲገባ «አደረገ» ያዝለዋል፦ ላይክ አደረገ፣ ሼር አደረገ፣ ብሎክ አደረገችኝ። ጊዜውንም ጾታውንም የሚሸከመው አደረገ ስለሆነ እንግዳው ቃል እንደመጣ ይቀመጣል።

የተለወጠው የአዲስ ቃል ስርጭት መንገድ ነው። በ1966ቱ አብዮት ዘመን «ወዛደር»፣ በወዙ የሚያድር ማለት፣ በሬዲዮና በጋዜጣ ከላይ ወደ ታች ወረደ። በ2010 የመጣው «መደመር»ም ከሒሳብ ክፍል ወጥቶ የፖለቲካ ቃል የሆነው ከመሪ አንደበት ነበር፤ ያኔ ግን አድማጩ ወዲያው ስልኩ ላይ ይመልስ፣ ይቃወም፣ ያረባው ጀመር፦ ተደመረ፣ አልደመርም፣ ተደማሪ። ማን እንደፈጠረው ሳይታወቅ ከአስተያየት መስጫ ሥር የሚበቅለው ቃል ደግሞ ከዚህም ይበልጣል።

ቃሉ መሰንበቱን የምለየው በእርባታው ነው። «ጫነ» ተጫነ፣ አስጫነ፣ ጫኝ ይላል፤ «አፕሎድ» ይህ የለውም። እስቴ ውስጥ ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ልጇን «ያንን ፎቶዬን ጫኝልኝ» ብትል አስተርጓሚ አያሻትም።