የወንዝ ፍጥረታት እንዴት ይነጻጸራሉ?

እንደሚታወቀው፣ ፍሳሽ የሚገባበት ወንዝ መጎዳቱን ከሚያሳዩን ምልክቶች አንዱ በውስጡ የሚኖሩት ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። ታዲያ ቆጥረናቸው ስናበቃ «የታችኛው ከላይኛው ይለያል» ለማለት ምን ማስረጃ አለን? ለዚህ የሚያገለግሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አሉ። ከነዚህ አንዱ፣ «አር» በተባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ የሚሠራው «ቬጋን»፣ ያለ ክፍያ ይገኛል። ሥራው ግን ምትሃት አይደለም፤ በጠመኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ልናሳየው እንችላለን።

እስቲ ከፍሳሹ በላይ 6 ቀንድ አውጣና 4 አልቅት ቆጠርን እንበል፤ ቀይ ትል የለም። ከፍሳሹ በታች 2 ቀንድ አውጣ፣ 4 አልቅትና 4 ቀይ ትል አገኘን። ድምሩ በሁለቱም ቦታ 10 ነው። በድምር ብቻ ከሄድን ወንዙ ምንም አልሆነም ልንል ነው! በየዓይነቱ ስንቀናንስ ግን ልዩነቱ 4፣ 0 እና 4፣ በጠቅላላው 8 ይሆናል። ይህን ለ20 ስናካፍል 0.4 እናገኛለን። 0 ማለት ፍጹም አንድ ዓይነት፣ 1 ማለት የሚጋሩት ዝርያ የለም ማለት ነው። ስሌቱ ብሬይ-ከርቲስ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በ1957 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ስለ ደቡብ ዊስኮንሲን ደኖች ጥናት ካሳተሙት ሁለት ሳይንቲስቶች ነው።

ይሁንና 0.4 በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከየቦታው ደጋግመን ናሙና እንወስዳለን። ፕሮግራሙም ናሙናዎቹን እንደ ካርታ እየበወዘ፣ የላይና የታች እያለ በዘፈቀደ ያከፋፍላቸዋል። እውነተኛው ልዩነት በብወዛ ከሚገኙት ከሞላ ጎደል ሁሉንም ከበለጠ፣ አጋጣሚ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። ከየቦታው 3 ናሙና ብቻ ከወሰድን፣ 6ቱን እኩል ለሁለት መክፈል የሚቻለው በ10 መንገድ ብቻ ነው። ስለሆነም ወንዙ የቱንም ያህል ቢበከል፣ ፕሮግራሙ ሊሰጠን የሚችለው ዝቅተኛ ዕድል ከ10 አንድ ነው። የተለመደው ወሰን ግን ከ20 አንድ ነው። ከየቦታው 4 ብንወስድ መንገዱ 35 ይደርሳል፤ ያኔ ልዩነቱ ካለ ሊታይ ይችላል።

እንግዲህ «ልዩነት አልተገኘም» ማለት «ልዩነት የለም» ማለት አይደለም። በ3 ናሙና ተሸውደን የተበከለ ወንዝ ደህና ነው ብንል፣ ውኃውን የሚጠጣው ሰው ነው የሚጎዳው። ነገ መምህራን የምንሆን ሁሉ፣ ተማሪዎቻችንን ከኮምፒዩተሩ በፊት አዘውትሮና በጥንቃቄ መቁጠርን እናስተምር።