«ደከመኝ» የማይባልበት ሥራ

ጀርመን ውስጥ፣ ላንድሽቱል በተባለች ከተማ፣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል አለ። በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነቶች ጊዜ ከጦር ሜዳ ሆስፒታሎች የተነሡ ቁስለኞች በአውሮፕላን ተጭነው ወደዚያ ይወሰዱ ነበር። እዚያ የምትሠራ ነርስ ቁስል ታጥባለች፤ የመተንፈሻ መሣሪያ ትከታተላለች፤ ሲቃዥ ያደረውን ወጣት እጁን ይዛ ታረጋጋለች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያ ወጣት ወደ አገሩ ይላካል፤ አልጋውም ሌላ ቁስለኛ ይተኛበታል። ዳነ? እግሩ ተረፈለት? ብዙ ጊዜ መልሱ አይደርሳትም።

እንዲህ ያለ ሥራ ሰውን ውስጥ ውስጡን ይጨርሳል። ለዚህ ዓይነቱ የሥራ ዝለት ስም ሰጥቶ በ1974 እ.ኤ.አ. የጻፈበት ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው፤ ችግሩን ያየው በኒውዮርክ ነፃ ክሊኒክ አብረውት በሚሠሩ በጎ ፈቃደኞችና በራሱም ላይ ነበር። በ1981 ክሪስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን መለኪያ አዘጋጁለት። በመለኪያው መሠረት ዝለት ሦስት ገጽታ አለው። የመጀመሪያው እንቅልፍ የማይፈውሰው የስሜት ድካም ነው። ሁለተኛው ከታማሚው መራቅ ነው፤ ሰውየው በስሙ መጠራቱ ይቀርና «አልጋ ቁጥር ስድስት» ይሆናል። ሦስተኛው «ምን ሠራሁ?» የሚል የከንቱነት ስሜት ነው። የላንድሽቱሏ ነርስ የድካሟን ፍሬ ሳታይ ስትቀር በቀጥታ የሚመታት ይህ ሦስተኛው ነው።

በጦር ሆስፒታል ሌላም ሸክም አለ። ነርሷ ራሷ ብዙውን ጊዜ ወታደር ናት፤ አልጋ ላይ የተኛው ደግሞ የእሷን መለዮ የለበሰ፣ የወንድሟ እኩያ ነው። ሥራው ሲመራት እንደ ሲቪል ባልደረባዋ ማመልከቻ አስገብታ አትወጣም። ጽናት በሚወደስበት ቤት «ደከመኝ» ማለትም እንደ ድክመት ይቆጠርብኛል ብላ ዝም ትላለች።

ዝለት ግን የስንፍና ወይም የልብ ድክመት ምልክት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ላይ የሰፈረው በሽታ ተብሎ ሳይሆን፣ በወጉ ካልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ውጥረት የሚመጣ ክስተት ተብሎ ነው። ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በፔንስልቬንያ ሆስፒታሎች አጥንተው በ2002 ያወጡት ውጤትም ወደዚሁ ያመለክታል፦ ለአንዲት ነርስ አንድ ታማሚ በተጨመረ ቁጥር እሷ ለዝለት የመዳረግ ዕድሏ በ23 በመቶ፣ የቀዶ ሕክምና ታማሚው በ30 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ስለዚህ መፍትሔው መፈለግ ያለበት በሥራው አደረጃጀት ላይ ነው፦ በቂ የሰው ኃይል፣ እረፍት ያለው ፈረቃ፣ በማዕረግ ላይ ጥቁር ነጥብ የማይጥል የምክር አገልግሎት፣ የተላከው ቁስለኛ የደረሰበትን የሚነግር አንድ አጭር መልእክት። ሸክሙን ሳይቀንሱ ተሸካሚዋን «በርቺ» ማለት ሕክምና አይሆንም።