ዓሣዎቹን የፈጃቸው «ዓይን» ነው ወይስ ውሃው?

ሳሎን ውስጥ በመስታወት ሣጥን ቀይና ሰማያዊ ዓሣዎች ሲዋኙ ማየት ከቴሌቪዥን ይበልጣል የምትሉ ወጣቶች አላችሁ። እውነትም ደስ ይላል! ጉዱ የሚመጣው ግን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ነው። ዓሣዎቹ ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ይንሳፈፋሉ። ያኔ ጣት መቀሳሰር ይጀመራል።

አንድ አዲስ ተጋቢዎች ቤት የሆነውን ስሙ። ለሠርግ ስጦታ ከመጡላቸው 14 ዓሣዎች ሦስቱ ሞቱ። ባል ሆዬ ደንግጦ ውሃውን ሙልጭ አድርጎ ደፋ፤ ጠጠሩንና ፊልተሩን በቧንቧ ውሃ ፈትጎ አጠበ፤ ሣጥኑንም ከዚያው ከቧንቧ ሞላ። በማግስቱ የቀሩትም አለቁ። «ጎረቤታችን አይታ ካደነቀች ወዲህ ነው» ብሎ ከሴትዮዋ ጋር ሰላምታ አቆመ። ሚስት ደግሞ መሃል ላይ ቀረች።

እኔ ግን ሴትዮዋ ንጹሕ ናት እላለሁ። ለምን?

ዓሣ በሚኖርበት ውሃ ውስጥ እዚያው በልቶ እዚያው ይጸዳዳል። ከዚህና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። ውሃው ኩልል ብሎ እየታየ እንኳ ይገድላል። ማምለጫው ባክቴሪያ ነው! ጠጠሩና ፊልተሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት (እሱም መርዝ ነው)፣ ቀጥሎ ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ግን ተራብተው ሥራ እስኪጀምሩ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃሉ። በአዲስ ሣጥን 14 ዓሣ ማጎር ምን ማለት እንደሆነ አሁን ገባችሁ? በዚያ ላይ የቧንቧው ክሎሪን የነበሩትን ጥቂት ባክቴሪያዎች ፈጀ፤ የዓሣዎቹንም ስንጥብ አቃጠለ።

ታዲያ ምን ይሻላል?

አንደኛ፣ በሁለትና በሦስት ዓሣ ጀምሩ፤ ሌላውን ከወር በኋላ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።

ሁለተኛ፣ በየሳምንቱ የውሃውን ሩብ ብቻ ቀይሩ። ሣጥናችሁ 60 ሊትር ከሆነ 15 ሊትር ማለት ነው፤ አንድ ጀሪካን እንኳ አይሞላም። በቀጭን ጎማ ከጠጠሩ ሥር ያለውን ቆሻሻ አብራችሁ ሳቡት።

ሦስተኛ፣ አዲሱን ውሃ በሰፊ ባልዲ ሳትከድኑ 24 ሰዓት አሳድሩት፤ ክሎሪኑ ይበናል። ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ካገኛችሁ ደግሞ እሰየው! ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ወገኖች ግን ጠብታው ግድ ነው፤ እዚያ አብዛኛውን ዓመት ውሃው የሚታከመው በክሎራሚን ስለሆነ ማሳደር ብቻውን አይበቃም።

አራተኛ፣ የፊልተሩን ስፖንጅ ከሣጥኑ በቀዳችሁት ውሃ እጠቡ። ሳሙናና በረኪና አጠገቡ እንዳይደርሱ!

አምስተኛ፣ ምግብ በ2 ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ስጡ። «ጠግበው ይደሩ» የሚለው ደግነት ገዳይ ነው።

ስድስተኛ፣ የሞቃት አገር ዓሣዎች ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ማሞቂያና ቴርሞሜትር ቅንጦት አይደሉም።

መብራት ሲጠፋስ? ፊልተሩ ሲቆም ኦክስጅን ያንሳል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃዋ ከመጀመሪያውም የሚይዘው ኦክስጅን ከቆላው ያነሰ ነው። ስለዚህ ውሃውን በንጹሕ ኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ እዚያው መልሱት፤ አየር ይገባበታል። መብራት እስኪመጣም አታብሉ።

እንግዲህ ዓሣ ጠባቂ መሆን ማለት ውሃ ጠባቂ መሆን ነው። ይኼ ሁሉ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ግማሽ ሰዓትም የለኝም የምትሉ ካላችሁ ደግሞ ምክሬ አጭር ነው፤ አበባ ትከሉ!