ስታይሎፎን፦ በብዕር የሚዘፍነው ሣጥን

ስታይሎፎን የድሮ የኪስ ሬዲዮ የሚመስል ትንሽ ሣጥን ነው። ከላይ የስፒከሩ ወንፊት ይታያል፤ ከታች የፒያኖ ቁልፎች ቅርጽ የወጣበት ጠፍጣፋ ብረት ተለጥፏል። ቁልፎቹ አይጫኑም። በሽቦ ከሣጥኑ ጋር በታሰረ፣ ጫፉ ብረት በሆነ ብዕር ይነካሉ እንጂ። ብዕሩ ሲያርፍ ሣጥኑ እንደ ተቆጣ ንብ ጥዝዝ ይላል፤ ሲነሳ ጸጥ ይላል።

የፈለሰፈው ብራያን ጃርቪስ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1967 ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት ዱብሬክ የተባለው ኩባንያ ለገበያ አቀረበው። ለልጆች መጫወቻ ተብሎ ቢሸጥም፣ ዘፋኙ ዴቪድ ቦዊ በ1969 «ስፔስ ኦዲቲ» በተሰኘው ዘፈኑ ውስጥ ራሱ ተጫወተበት። ምርቱ በ1975 ተቋረጠ፤ በ2007 ደግሞ እንደገና ተመለሰ።

አሠራሩ ለልጅ ለማስረዳት አይከብድም። ብዕሩ ቁልፉን ሲነካ ተቆርጦ የነበረው የኤሌክትሪክ መስመር ይገጥማል። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ጀርባ መጠኑ የተለያየ ሬዚስተር አለ፤ ሬዚስተሩም የድምፁን ንዝረት ፍጥነት ይወስናል። ንዝረቱ ሲፈጥን ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲዘገይ ይጎረንናል። ዋሽንት ነፊው ጣቱን ከቀዳዳው ሲያነሳ የሚንቀጠቀጠው አየር አጥሮ ድምፁ እንደሚቀጥነው ማለት ነው።

ኖታ ማንበብ ግድ አይደለም። ሃያዎቹ ቁልፎች ከ1 እስከ 12 ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ፒያኖ ላይ ጥቁር የሚሆኑት ደግሞ «ተኩል» ተብለው በመሀል ገብተዋል። ልጁ ቁጥር ከለየ ዜማ መልቀም ይችላል። ይህ ለእኛ ቅኝትም ይመቻል፦ 3፣ 4፣ 5፣ 7፣ 8፣ 10 ብሎ ቢነካ የትዝታ ሜጀርን ድምፆች ያገኛል። 5ን በ4½፣ 8ን በ7½ ሲተካ ያው ትዝታ ወደ ማይነር ይዞራል። ሁለት ቁልፍ ብቻ ተቀይሮ የዜማው ስሜት ሲለወጥ በገዛ እጁ ሰማ ማለት ነው፤ ቅኝት ምን እንደሆነ በቃል ከማስረዳት ይህ ይቀላል።

ጉድለት የለውም አይባልም። በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል። ቢነኩትም ቢጫኑትም ጩኸቱ እኩል ነው፤ ስለዚህ ፒያኖ የሚፈልገውን የጣት ልምምድ አይሰጥም። ሆኖም ለጀማሪ ጆሮ አንድ ድምፅ መሆኑ አይጎዳም። አጃቢ ስለሌለ የተሳሳተው ቁልፍ መደበቂያ የለውም፤ ልጁ ራሱ ሰምቶ ራሱ ያርማል። በአንድ ክር ዜማ የሚያወጣው ማሲንቆስ ከዚህ ምን ይለያል?

የሚለየው አንድ ነገር ነው። የስታይሎፎን ድምፆች እንደ ደረጃ የተቆራረጡ ናቸው። የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ግን ክሩ ላይ እየተንሸራተተ በ4½ እና በ5 መካከል ያለውን ሁሉ ይነካል። በሣጥኑ ትዝታን የለመደ ልጅ አንድ ቀን ማሲንቆ ሲሰማ፣ «ይኼኛው ቁጥሩ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያኔ ጆሮው ከሣጥኑ አልፎ ሄዷል።